«ወደ 10 ኩንታል ጨመረ» ሲባል ስንት ጨመረ?

ጥያቄ፦ በሞረትና ጅሩ ወረዳ የግብርና ባለሙያ ነኝ። በሪፖርቴ «የስንዴ ምርት በሄክታር ወደ 10 ኩንታል ጨመረ» ብዬ ጻፍኩ። የዞን ባልደረባዬ ደውሎ «ምርቱ 10 ኩንታል ደረሰ ማለት ነው ወይ?» አለኝ። እኔ ያልኩት ጭማሪው 10 ገደማ ነው። ተሳስቻለሁ?

መልስ፦ አማርኛዎ ልክ ነው። «ወደ ሃያ ሰው መጣ» ሲባል ሃያ ገደማ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ጣጣው የሚመጣው «ወደ» እንደ ጨመረ፣ አደገ፣ ቀነሰ ካሉ ግሶች ጋር ሲገናኝ ነው። እዚያ ላይ መድረሻንም ያመለክታል። አምና 30 ኩንታል ነበር እንበል። «ወደ 40 አደገ» ካልን 40 ደርሷል፤ «በ10 አደገ» ካልን የተናገርነው ልዩነቱን ነው። የእርስዎ ዓረፍተ ነገር ለሁለቱም ይሆናል።

በቃል ሲሆን ይህ አያስቸግርም፤ ገበሬውም እርስዎም ማሳውን ታውቁታላችሁ። ሪፖርቱ ግን ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል ይሄዳል። የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ዕቅድ የሚያወጣው ሰው ማሳውን አላየውም። በእጁ ያለው ቁጥሩ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። «ገደማ» እና «ያህል» ከሪፖርት ወደ ሪፖርት ሲገለበጡ ይጠፋሉ። ቀበሌ ላይ «10 ገደማ» የነበረው ላይ ሲደርስ «10» ይሆናል። አማካይ ሲሰላ ደግሞ ከነጥብ በኋላ ቁጥር ይጨመርበትና በሚዛን የተለካ ይመስላል። ግምትን ግምት ብሎ መጻፍ ድክመት የሚመስላቸው አሉ። በፍጹም አይደለም! የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ከናሙና ጥናት ውጤት ጎን የስህተቱን መጠን የሚያስቀምጡት ውሳኔ የሚሰጠው አካል ቁጥሩን ምን ያህል እንደሚያምነው እንዲያውቅ ነው። የመሬት መለኪያው ጥማድም ያው ግምት ነው። ሩብ ሄክታር ብለን እናሰላዋለን፤ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው ግን መረሬ (ከባድ ጥቁር አፈር) ላይና ቀላል አፈር ላይ አንድ አይደለም።

መቶኛ ላይም ይጠንቀቁ። የምርጥ ዘር ተጠቃሚዎች ከ40 በመቶ ወደ 50 በመቶ ቢደርሱ ጭማሪው 10 የመቶኛ ነጥብ ነው። «በ10 በመቶ አደገ» ከተባለ ግን 44 በመቶ ደረሰ ብሎ የሚያሰላ አይጠፋም።

እኔ በሪፖርት ላይ «ወደ»ን ለመድረሻ፣ «ገደማ»ን ለግምት ብቻ ባደርግ እመርጣለሁ። የእርስዎን እንዲህ ይጻፉት፦ «አምና በሄክታር 30 ኩንታል የነበረው የስንዴ ምርት ዘንድሮ በ10 ኩንታል ገደማ ጨምሯል።» በዓይን ተገምቶ ይሁን ታጭዶ ተመዝኖ፣ እሱንም እዚያው ያስገቡት።