ጥቅስ በኪው ታግ ወይስ በእጅ?

ወንድሜ፣ «የአስጎብኚዎች ገጽ እየሠራሁ ነው፤ የእንግዶችን አጭር አስተያየት በኪው ታግ ላስገባ ወይስ ትእምርተ ጥቅሱን በእጄ ልጻፍ?» ላልከው፣ እኔ በሁለቱም ፍዳዬን አይቻለሁ። ኪው ታግ ማለት ድረ ገጽ በሚጻፍበት ኮድ በኤችቲኤምኤል አጭር ጥቅስን የሚያመለክተው <q> ነው።

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ላለ አንድ ፔንሲዮን ገጽ ስሠራ፣ መጀመሪያ ብዙዎቻችን እንደለመድነው በ« » ፈንታ የ«ያንሳል» ምልክትን (<) ሁለቴ፣ የ«ይበልጣል»ን (>) ሁለቴ መታሁ። አማርኛው ላይ ምንም አልሆነ። የቤቱ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ብቻውን በጥቅስ የገባበት ቦታ ግን ስሙ ድራሹ ጠፍቶ <> ብቻ ቀረ። ለካ ብሮውዘሩ ከምልክቱ ቀጥሎ የላቲን ፊደል ካየ ታግ ተከፈተ ብሎ እስኪዘጋ ያለውን ይውጠዋል፤ የግዕዝ ፊደል ከሆነ ግን እንደ ተራ ጽሑፍ ያልፈዋል። ግማሽ ቀን ፎንቱን ስረግም ዋልኩ።

ከዚያ ወደ ኪው ዞርኩ። ምልክቱን ብሮውዘሩ ራሱ ስለሚጨምር በእጅህ ከደገምከው ድርብ ይሆናል። የትኛውን እንደሚጨምር የሚወስነው ላንግ (lang)፣ ማለትም ጽሑፉ በምን ቋንቋ እንደሆነ ለብሮውዘሩ የሚነግረው አትሪቢዩት ነው። የጀመርክበት ቴምፕሌት (ዝግጁ የገጽ ንድፍ) ላንግን እንግሊዝኛ አድርጎ ከመጣ አማርኛህን በእንግሊዝኛው “ ” ያጥርልሃል። ላንግ ላይ ኤ እና ኤም (am) የሚሉትን ሁለት ፊደሎች ስታስገባ « » ይመጣል፤ እንግዳው አስጎብኚው ያለውን ጠቅሶ ከሆነ ደግሞ የውስጠኛው ኪው ‹ › ይሆናል። እስከዚህ ደስ ይላል።

ያልጠበቅኩት ኮፒ ሲደረግ የሚመጣውን ነው። ምልክቱ ከሲኤስኤስ፣ ማለትም የገጹን መልክ ከሚወስነው ኮድ፣ ስለሚወጣ ብዙውን ጊዜ አብሮ አይቀዳም። የፔንሲዮኑ ባለቤት፣ እትዬ ነው የምንላቸው፣ የአንድ እንግዳን ቃል ከገጹ ቀድተው ቴሌግራም ላይ ለጠፉት፦ ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ለጥምቀት ተመልሼ እመጣለሁ። ሰው ሁሉ «እትዬ፣ ቤትዎን ጥለው ወዴት ሊሄዱ ነው?» እያለ ሲያስቃቸው ሰነበተ።

ስለዚህ አሁን ለአጭር የአማርኛ ጥቅስ « »ን በእጄ እጽፋለሁ። ኪው የግድ አይደለም፤ የኤችቲኤምኤል ደንቡ ራሱ ያለ ኪው ምልክቱን በእጅ መጻፍ እኩል ትክክል ነው ይላል። ኪውን የምጠቀመው ገጹ በሁለት በሦስት ቋንቋ ሲሆን ነው። ራሱን ችሎ አንቀጽ የሚወጣው ረጅም ጥቅስ በብሎክኮት ታግ (<blockquote>) ይግባ። በሁለቱም ታጎች የጥቅሱን ምንጭ በሚይዘው ሳይት (cite) አትሪቢዩት ውስጥ የምትከተውን ሊንክ ደግሞ አንባቢ አያየውም፤ ከየት እንዳመጣኸው እንዲታወቅ ከፈለግህ አጠገቡ ጻፈው።

« »ን ስልክህ ላይ ካጣኸው የጥቅስ ምልክቱን ተጭነህ ቆይ፤ ከምርጫዎቹ መሃል ብቅ ይላል።