የኦቨኔ እጀታ ተሰበረ፤ በሩ እንዳለ ይለወጥ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የኦቨኔ በር እጀታ በግራ በኩል ፕላስቲክ የሆነው ጫፉ ተሰብሮ ተንጠልጥሏል። ባለቤቴ በሽቦ ቢያስረው ሁለት ቀን እንኳ አልቆየም። አሁን በሩን የምከፍተው የቢላዋ ጫፍ በመስታወቱ ጠርዝ አስገብቼ ነው። ቤት ድረስ የጠራሁት ባለሙያ “በሩ እንዳለ ካልተለወጠ አይሆንም” ብሎ የጠራልኝ ዋጋ አስደንግጦኛል። ለልጄ ምርቃት ድፎ ዳቦ መድፋት አለብኝ። ራሳችን ልንሠራው እንችላለን?
ወ. አ.፣ ከሳሪስ

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ አስቀድመው ቢላዋውን ወደ መሳቢያው ይመልሱት። የኦቨን መስታወት በሙቀት የጠነከረ ነው፤ መሀሉን ቢመቱት ይችላል፣ ጠርዙን ግን ትንሽ ግጭት ትበቃዋለች። ከዓመታት በፊት እኔው አንዱን ፈትቼ ሴራሚክ ወለል ላይ በጥጉ አቆምኩት። ዞር ከማለቴ የስኳር ክምር ሆኖ ጠበቀኝ። ከዚያ ወዲህ ጋቢ ሳላነጥፍ መስታወት አልፈታም።

በሩ መለወጥ የለበትም። እጀታውን የያዙት ሁለት ብሎኖች ናቸው፤ ከውጭኛው መስታወት ጀርባ ስለሚገቡ ነው የማይታዩት። ሶኬቱን ይንቀሉ፣ የጋዝ ከሆነም ሲሊንደሩን ይዝጉ። ኦቨኑ ሲበርድ በሩን ከፍተው የላይኛውን ጠርዝ በባትሪ ይመልከቱ። በአንዳንዱ ዓይነት ከውስጥ በኩል ሁለት ቀዳዳዎች ይታያሉ፤ ረጅም ካቻቢቴ አስገብቶ መፍታት ነው። ቀዳዳ ከሌለ የውስጠኛው መስታወት መውጣት አለበት።

እዚህ ላይ አይቸኩሉ። በብዙዎቹ ኦቨኖች ሁለቱ ማጠፊያዎች ላይ ትንንሽ የብረት ምላሶች አሉ። በሩን እስከ መጨረሻው ከፍተው ሁለቱንም ምላሶች ገልብጠው ይቆልፏቸው፤ ከዚያ በሩን ግማሽ ያህል መልሰው ከባለቤትዎ ጋር ወደ ላይ ያውጡት። አንዷ ምላስ ሳትቆለፍ ከወጣ ማጠፊያው ጣት ላይ ይዘጋል፤ ሞላው ምሕረት የለውም። በሩን ብርድ ልብስ ላይ ያስተኙት። የውስጠኛውን መስታወት ከማንሳትዎ በፊት የትኛው ገጽ ወደ ውስጥ እንደነበር በፕላስተር ምልክት ያድርጉበት፤ ተገልብጦ መግባት የለበትም።

አዲስ እጀታ ሲገዙ ሻጩ ርዝመቱን ይጠይቅዎታል። ወሳኙ ግን ርዝመቱ ሳይሆን ከአንዱ ብሎን መሀል እስከ ሌላው ብሎን መሀል ያለው ርቀት ነው። በሚሊሜትር ይለኩትና የተሰበረውን ከነብሎኖቹ ይዘው መርካቶ ይሂዱ። ለአሮጌ ሞዴል እኔ ምናለሽ ተራን እመርጣለሁ፤ ከተጣለ ኦቨን የተፈታ የብረት እጀታ ከአዲስ ፕላስቲክ ይሻለኛል። ልኩ ትንሽ ቢለይ “መስታወቱን እንብሳልዎ” ለሚል ሰው እሺ አይበሉ። የጠነከረ መስታወት ሲበሳ ይረግፋል፤ አዲስ ቀዳዳ የሚወጣው እጀታው ላይ ነው።

ሲገጥሙ በብሎኑና በመስታወቱ መካከል የነበረችውን ሮንዴላ አይርሷት፤ ብረት በቀጥታ መስታወት ላይ መጥበቅ የለበትም። ሁለቱን ብሎኖች በየተራ በትንሽ በትንሹ ያጥብቁ፤ እጀታው መነቃነቁን ሲተው እርስዎም ይተዉት። “ትንሽ ልጨምርበት” የሚል የባል ክንድ ስንት መስታወት ፈጅቷል! ሱፐር ግሉውንም ይተዉት፤ ሙቀት ሲመላለስበት ይለቃል፣ የሚለቀውም የጋለ መጥበሻ ልታወጡ ስትሉ ነው።

ያልጠየቁኝን አንድ ነገር ልጨምር። ፕላስቲክ ጫፍ እንዲሁ አይሰበርም። ስቶቩን ለማጽዳት በእጀታው ጎትተውት ካልሆነ፣ ከውስጥ የሚያመልጥ ሙቀት ለዓመታት ሲያደርቀው ኖሮ ይሆናል። ኦቨኑ በረድ ሲል በሩን በቁራጭ ወረቀት ላይ ይዝጉና ወረቀቷን ይሳቧት፤ እንዲህ እያሉ ዙሪያውን ይሞክሩ። ሌላው ቦታ ይዞ በግራ ከላይ ብቻ ያለምንም ትግል ከወጣች የእጀታዎን ገዳይ አገኙት፤ የበሩ ዙሪያ ጎማ አልቋል ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ ጎማው በትንንሽ መንጠቆዎች ብቻ የተያዘ ስለሆነ በእጅ ይወጣል፣ በእጅ ይገባል። ምርቃቱ ከደረሰብዎት ግን ድፎውን በዚሁ ይድፉት፤ ጎማው ከድግሱ በኋላ ይደርሳል።