ዱካ፣ ኮቴ፣ አሻራ፣ ፈለግ፦ የቱ የት ይገባል?

ጥያቄ፦ የአካባቢ ጥበቃ ጽሑፎችን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። «ካርቦን ፉትፕሪንት» በመሳሰሉት ውስጥ ያለውን «ፉትፕሪንት» (ቃል በቃል የእግር ምልክት) የሚለውን ቃል አንዱ «ዱካ»፣ ሌላው «አሻራ» ይለዋል፤ «ኮቴ» ብሎ የጻፈም አጋጥሞኛል። «የአባቱን ዱካ ተከተለ» ብዬ ስጽፍ ደግሞ አራሚው «ፈለግ» በሚል ለወጠው። እነዚህ ቃላት አንድ ናቸው ወይስ ይለያያሉ?

መልስ፦ ይለያያሉ፤ አራሚዎም ልክ ናቸው። እንግሊዝኛ በአንድ ቃል የሚጠቀልለውን አማርኛ በየፈርጁ ከፍሎ ይጠራዋል። ልዩነቱን ለማየት ዝናብ ባራሰው አፈር ላይ የሚያልፍ ሰው ያስቡ። ሲረግጥ ድምፅ ይሰማል፤ ይህ ኮቴው ነው። እግሩን ሲያነሳ አፈሩ ላይ የተረከዝና የጣት ቅርጽ ይቀራል፤ ይህ ዱካው ነው። ቅርጾቹ ተከታትለው ሲታዩ ወዴት እንደሄደ ይነግራሉ፤ እሱም ዱካ ነው። ስለዚህ ዱካ አንዱንም ቅርጽ፣ መስመሩንም ይጠራል፤ «ዱካው ጥልቅ ነው» ሲባል አንዱን፣ «ዱካው ወንዙ ዳር ጠፋ» ሲባል መስመሩን ማለት ነው።

ኮቴ በመጀመሪያ የፈረስ፣ የበሬ፣ የበግ እግር መርገጫ ነው። ከዚያ ወደ አረማመድ ድምፅ ተሻገረ፤ ለሰውም የሚያገለግለው በዚህ ፍቺው ነው። «ኮቴ ሰማሁ» ይባላል፤ ጭቃ ላይ የታተመን የሰው እግር ቅርጽ «ኮቴ አየሁ» ማለት ግን ጆሮ ይቆረቁራል። ልዩነቱ በአንድ ግሥ ቁልጭ ይላል። «ኮቴውን አጥፍቶ ገባ» ማለት እንዳይሰማ ቀስ ብሎ እየረገጠ ገባ ማለት ነው። «ዱካውን አጥፍቶ ሄደ» ማለት ደግሞ ተከታትለው እንዳይደርሱበት የተወውን ምልክት ሁሉ አጠፋ ማለት ነው። አንዱ ከሚሰማ፣ ሌላው ከሚፈልግ ሰው መሰወር ነው። በትርጉም ሥራ እነዚህን ማምታታት ታሪኩን ራሱን ይለውጠዋል፤ ሌሊት ቤት ሰብሮ የሚገባ ሌባ ኮቴውን፣ ሰርቆ የሚሸሽ ሌባ ዱካውን ያጠፋል።

ዳና በሁለቱ መካከል ይቆማል። «ከበር ውጭ ዳና ተሰማኝ» ይባላል፤ «የአውሬ ዳና ተከተሉ»ም ይባላል። ዛሬ በዕለት ንግግር እየሳሳ መጥቶ ይበልጥ በልብ ወለድና በግጥም ይገኛል። ለቴክኒክ ጽሑፍ አይመረጥም፤ አንባቢው ከሁለቱ ፍቺ የትኛውን እንደሚይዝ እርግጠኛ መሆን አይቻልምና።

አሻራ ከእግር ይልቅ የእጅ ነው። ጣት ቀለም ተነክሮ ወረቀት ላይ ሲጫን የሚቀረው የመስመሮች ቅርጽ፣ ከዚያም ብርጭቆ ወይም በር እጀታ ላይ ሳይታሰብ የሚቀረው፣ የጣት አሻራ ነው። ባለቤቱ ሲያትም «አሻራ ሰጠ»፣ መርማሪ ከዕቃ ላይ ሲወስድ «አሻራ አነሳ» ይባላል። አሻራ ማንነትን ይለያል፣ ዱካ አካሄድን ያሳያል። በዚህ ምክንያት አዲስ የተወለደ ሕፃን እግር ቀለም ተቀብቶ ወረቀት ላይ ሲታተም «የእግር አሻራ» ማለት ትክክል ነው፤ የሚፈለገው የልጁ ማንነት እንጂ የሄደበት አይደለምና። ታንዛኒያ ውስጥ ላኤቶሊ በተባለ ሥፍራ እ.ኤ.አ. በ1978 በጠነከረ የእሳተ ገሞራ አመድ ላይ የተገኙት፣ ወደ 3.66 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ያላቸው የጥንት ሰብአዊ ፍጡራን የእግር ምልክቶች ግን ዱካ ናቸው። ሳይንሱ ከእነሱ የሚያነበው በሁለት እግር መሄዳቸውን፣ የእርምጃቸውን ርዝመትና አቅጣጫውን ነው።

ወደ ምሳሌያዊው ፍቺ ስንሻገር ክፍፍሉ ይጸናል። «በሙያው አሻራውን አሳረፈ» ስንል የሰውየው ማንነት ሥራው ላይ ታተመ ማለታችን ነው፤ ቅጽል ካልተጨመረበት ውዳሴ ነው። ክፉ ነገር ሲሆን ወይ «ጥቁር አሻራ» ብለን እንገልጸዋለን፣ ወይ ከነጭራሹ ቃሉን ቀይረን «ጠባሳ ጥሎ አለፈ» እንላለን። ይህን የውዳሴ ቃና ይያዙልኝ፤ ስለ ካርቦን ስንመጣ ወሳኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ጨረቃ ላይ የወረደው በዝ ኦልድሪን ጫማው አፈሩ ላይ የተወውን ቅርጽ ፎቶ አንስቶታል። ፎቶው ላይ ያለው የጫማ ዱካ ነው። «የሰው ልጅ ጨረቃ ላይ አሻራውን አሳረፈ» ብለው ቢጽፉ ግን ስለ አፈሩ ሳይሆን ስለ ታሪኩ እየተናገሩ ነው።

አሁን ፈለግ። ከሁሉም ባለጠጋው ቃል ይህ ነው፤ ብዙ ስህተት የሚሠራበትም እሱ ነው። በግዕዝ ፈለግ ወንዝ ነው፣ ብዙ ቁጥሩ አፍላግ። «ፈለገ ዮርዳኖስ» የዮርዳኖስ ወንዝ ማለት ነው፤ «ፈለገ ሕይወት» የሚለውም ስም የሕይወት ወንዝ እንጂ የሕይወት ዱካ አይደለም። አማርኛ ግን ቃሉን ለመሄጃ መስመርና ለምልክት ወሰደው። በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ይህን ፍቺ «ፍለጋ» በሚለው ቅርጽ ይዞታል። በ1ኛ ጴጥሮስ 2፥21 ክርስቶስ «ፍለጋውን እንድትከተሉ» ምሳሌ ተወላችሁ ይላል። በሮሜ 11፥33 ደግሞ «ለመንገዱም ፍለጋ የለውም» ይላል። ሁለቱም ቦታ ግሪክኛው የሚጠቀመው ከ«ዱካ» ሥር የወጣ ቃል ነው። የዛሬ አንባቢ «ፍለጋ»ን «መፈለግ» ብሎ ስለሚያነበው የሮሜውን «መንገዱን መፈለግ አያስፈልግም» ብሎ ሊረዳው ይችላል። መባል የተፈለገው ግን መንገዱ ተከታትለው የሚደርሱበት ምልክት የለውም ነው።

ዛሬ ፈለግ በምሳሌያዊ ፍቺው ከሞላ ጎደል ከአንድ ግሥ ጋር ተጋብቷል፦ መከተል። ፈለግ አይታተምም፣ አያርፍም፣ አይለካም። «ፈለጉን አሳረፈ» ብሎ የጻፈ ሰው ፈለግንና አሻራን አጋጭቷል። በተቃራኒው «የመምህሩን አሻራ ተከተለ» የሚለው ደግሞ መርማሪ ፖሊስ ያስመስለዋል። የእርስዎ «የአባቱን ዱካ ተከተለ»ም እንደዚሁ ነው። ሰዋስዉ አልተበላሸም፤ ግን ልጁ አባቱ የት እንደገባ እያፈላለገ ነው የሚል ስሜት ይሰጣል። በአባቱ ሙያ ገባ ወይም አርአያነቱን ያዘ ለማለት «የአባቱን ፈለግ ተከተለ» ነው። በቦታው ሹመት ከያዘ ደግሞ «በእግሩ ተተካ»፤ ከኋላው ሳይርቅ አብሮት ከሄደ «እግር በእግር ተከተለው»።

ስለ ፈለግ አንድ የንባብ ጥንቃቄ አለ። «ፈለጉን» የሚለው ጽሕፈት «ለ» ላልቶ ሲነበብ የእሱን ፈለግ ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ እነሱ እኛን ፈለጉ ይሆናል። ፊደላችን ጥብቀትን ስለማያሳይ ቃሉን ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ላይ ብቻውን አያስቀምጡት፤ «የእሱን ፈለግ» ብሎ መዘርዘር አንባቢን ከመመለስ ያድነዋል።

«ያለ ዱካ ጠፋ» የሚለውንም በብዙ ትርጉሞች አያለሁ። ቃል በቃል የተመለሰ እንግሊዝኛ ነው። አማርኛው «ደብዛው ጠፋ» ወይም «የውኃ ሽታ ሆነ» ነው። ደብዛም ምልክት ማለት ነው፤ ሆኖም ከመጥፋት ጋር ካልሆነ ብዙም አይነገርም።

እንግዲህ ወደ ሥራዎ። ለካርቦኑ የእኔ ምርጫ «የካርቦን ዱካ» ነው። «የካርቦን አሻራ» በሰፊው እንደሚጻፍ አውቃለሁ፤ የገባውም አንባቢ አለ። ነገር ግን አሻራ ብቻውን ሲቆም ውዳሴ ነው ብለናል። በዚያ ላይ በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የችግኝ ተከላ ዘመቻ «አረንጓዴ አሻራ» ተብሎ ቃሉን ከበጎ ውርስ ጋር አቆራኝቶታል፤ የእንግሊዝኛ ስሙም «ግሪን ሌጋሲ» እንጂ ፉትፕሪንት አይደለም። ስለዚህ በአንድ ገጽ ላይ «አረንጓዴ አሻራችንን እናሳርፍ፣ የካርቦን አሻራችንን እንቀንስ» ከተባለ አንዱ አሻራ መልካም፣ ሌላው ጥፋት ይሆናል። ዱካ ይህ ጣጣ የለበትም፤ ከዚህም በላይ የሚከብድ አካል ጠልቆ ስለሚረግጥ «ከባድ» እና «ቀላል» ከሚሉት ቃላት ጋር በተፈጥሮው ይስማማል። «የካርቦን ልቀት» ብለው አይተኩት። ልቀት ከአንድ ምንጭ የወጣው ጋዝ ነው። ዱካው ግን ዕቃው ሲመረት፣ ሲጓጓዝ፣ ሲያገለግልና ሲጣል የወጣው ሁሉ ተደምሮ በካርቦን ዳይኦክሳይድ አቻ ቶን ወይም ኪሎግራም የሚነገር ነው።

ለዲጂታሉም ዱካ ይሻላል፤ እዚህ ምክንያቱ ይበልጥ ጠንካራ ነው። ሰው በኢንተርኔት ሲዘዋወር ትቶት የሚያልፈው ታሪክ «ዲጂታል ዱካ» ነው። በስክሪን መጠን፣ በፊደል ዓይነትና በሰዓት አቆጣጠር ተደምሮ አንድን መሣሪያ ከሌላው የመለየት ዘዴ ደግሞ አለ፤ በእንግሊዝኛም የጣት አሻራ ነው የተባለው። «ዲጂታል አሻራ» የሚለውን ለመጀመሪያው ከሰጡት ለሁለተኛው ስም አይተርፍዎትም።

ሁሉም ፉትፕሪንት ግን ምልክት አይደለም። እንግሊዝኛው የእግርን ቅርጽ ትቶ እግሩ የያዘውን ቦታ ብቻ የሚያስብበት አለ። እዚያ ላይ ዱካም አሻራም አይሠሩም። የሕንፃ ሲሆን «ሕንፃው ያረፈበት ስፋት»፣ የማሽን ሲሆን «የሚይዘው ቦታ»፣ የሳተላይት ሲሆን «የሚሸፍነው ክልል» ይበሉ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዊልያም ሪስና ማቲስ ዋከርናገል ያዳበሩት ሥነ ምህዳራዊ መለኪያም የዚህ ዘመድ ነው። የሚለካው በግሎባል ሄክታር (የዓለም አማካይ ምርታማነት ባለው ሄክታር) ስለሆነ ነገሩ ስፋት ነው። «ሥነ ምህዳራዊ ዱካ» ብለው መጻፍ ይችላሉ፤ መጀመሪያ ሲጠሩት ግን «ለፍጆታችን የሚያስፈልገው የየብስና የውኃ ስፋት» የሚል ማብራሪያ ያክሉበት፤ አለዚያ አንባቢው «2 ሄክታር ዱካ» ሲያነብ ግራ ይጋባል። «ኩባንያው ፉትፕሪንቱን አሰፋ» የሚል ካጋጠመዎት ደግሞ ስሙን ጨርሶ ይተዉት፤ «ቅርንጫፎቹን አበዛ» ወይም «ሥራውን ወደ ሌሎች አገሮች አሰፋ» ይበቃል።