አይፎን 12 ይዘሽ አይፎን 17 ላስመጣ ላልሽው እህት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። አይፎን 12 አለሽ፤ ባትሪው ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ያልቃል፣ ስልኩም ይንቀራፈፋል። የአክስትሽ ልጅ ከአሜሪካ ሊመጣ ስለሆነ አይፎን 17 ላስመጣ ወይስ ልተወው ብለሻል። ተዪው። እኔም ያንኑ ስልክ ይዤ እዚሁ አዲስ አበባ ያንኑ ጣጣ አይቻለሁ።

1. መጀመሪያ ቅንብር ውስጥ ገብተሽ የባትሪውን ጤንነት እዪ። ከ80 በመቶ በታች ከወረደ መንቀራፈፉም ከዚያው ሊሆን ይችላል። ያረጀ ባትሪ ድንገት ብዙ ኃይል ሲጠየቅ ያቅተዋል፤ ስልኩም እንዳይጠፋ ሲል ፍጥነቱን ይቀንሳል። አፕል ይህን ለደንበኞቹ በግልጽ ሳይናገር ሲያደርግ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ነገሩ ሲወጣ ይቅርታ ጠየቀ፤ የባትሪ መቀየሪያውንም ከ79 ወደ 29 ዶላር አወረደ።

2. የት እንደምታስቀይሪ ምረጪ። ደሜ የሚፈላው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ የገባሁት መስታወቱ የሚያብረቀርቅ መደብር ነበር። ወጣቱ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ ስልኬን አገላበጠና “ቦርዱ ነው፤ አልቆለታል” አለኝ። ሳይከፍተው! ከቻርጀር መሰኪያው ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት ብሎኖች እንኳ አልነካም። “በምን አወቅህ?” ስለው “ሥራዬ ነው” ብሎ አዲሱን ሞዴል ከመደርደሪያው አወረደ። የእኔን ደግሞ ለመለዋወጫ ብሎ ደህና ጫማ በማይገዛ ገንዘብ ሊወስድልኝ ፈቀደ። አጠገቤ የቆመ ደንበኛ “አባባ፣ ዘመኑን ይከተሉ እንጂ” ሲል ጨመረበት። አባባ የሚያስብል ዕድሜ ላይ አልደረስኩም፤ እሱን ልተወው።

ስልኬን ተቀብዬ ወጣሁና አንዲት ጠባብ ጥገና ቤት ገባሁ። ጠጋኙ ፊቴ ከፈተው። ስክሪኑን አሙቆ ካነሳ በኋላ ባትሪውን የያዘውን ነጭ ማጣበቂያ ጫፉን ይዞ ቀስ እያለ ሳበው፤ ተለጥጦ ተለጥጦ ወጣ። “ከተበጠሰ በብረት መፈንቀል የለም፤ ባትሪው እሳት ይይዛል” አለኝ። እንዲህ የሚልሽን ሰው ካገኘሽ እሱ ዘንድ ተቀመጪ። ከዚያ በኋላ ባትሪው ኦርጅናል መሆኑ አልተረጋገጠም የሚል ጽሑፍ ይመጣል፤ አትደንግጪ። የእኔ ስልክ አሁን እስከ ማታ ይቆያል። አይፎንን የሚያሠራውን ሶፍትዌር፣ አይኦኤስ 26ንም ጭኜበታለሁ፤ እንኳን 12፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው አይፎን 11ም ይቀበለዋል። ቦርዱ አልቋል የተባለው ስልክ ማለት ይህ ነው!

3. ስለ ዋጋው ብዙ አልልም። አይፎን 17 አሜሪካ ውስጥ ከ799 ዶላር ይጀምራል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጡ ከመደረጉ በፊት ባንክ ዶላሩን 57 ብር ገደማ ሲያወጣው 46 ሺህ ብር አካባቢ ይሆን ነበር። ዛሬ ከዚያ እጥፍ አልፏል፤ ማባዛቱን ላንቺ ልተወው። ከዋጋው ይልቅ ያልጠየቅሽው ነገር ያሳስበኛል፦ እ.ኤ.አ. ከ2022ቱ አይፎን 14 ወዲህ ለአሜሪካ ገበያ የሚመረቱት የሲም ካርድ ማስገቢያ የላቸውም፤ በኢሲም፣ ማለትም ስልኩ ውስጥ ተሠርቶ በሚመጣና በማይወጣ ሲም ብቻ ነው የሚሠሩት። ለባለቤቴ ወንድሟ ከቨርጂኒያ አንዱን ልኮላት፣ ሲሟን ይዛ አንድ የአገልግሎት ማዕከል ስትሄድ “ሲስተም የለም፤ ነገ ነይ” ተባለች። በነጋታው ሌላዋ ሠራተኛ “ለመሆኑ ማን ግዢ አለሽ?” አለቻት። ስጦታ መሆኑን ማስረዳት ነበረባት እንግዲህ! በመጨረሻ ሠራላት። ነገር ግን የእኔ ባትሪ ሲያልቅ ሲሜን አውጥቼ የጎረቤት ስልክ ውስጥ ከትቼ እደውላለሁ፤ እሷ ይህን አትችልም።

ሥራሽ ቪዲዮ መቅረጽ ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ካሜራው በእርግጥ ይበልጣል። ለቴሌግራምና ለቴሌብር ከሆነ ግን 12 ይበቃሻል። የአክስትሽ ልጅ ማምጣቱ ካልቀረ ባትሪውን ያምጣልሽ፤ አፕል እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ የአይፎን 12 መለዋወጫ አሜሪካ ውስጥ ለግለሰብም ይሸጣል። በእጅ ሻንጣው ይያዘው እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይክተተው፤ ለብቻው ያለ የሊቲየም ባትሪ እዚያ ውስጥ አይፈቀድም።