ሁለት የኔትወርክ መሰኪያ ያለው የላቦራቶሪ ጌትዌይ ለምን ይቆራረጣል?

ጥያቄ፦ የደም ቆጠራና የኬሚስትሪ መሣሪያዎቻችንን ከውጤት መመዝገቢያ ሰርቨሩ ጋር የሚያገናኝ ጌትዌይ አስገብተናል። አንዱ መሰኪያ ወደ መሣሪያዎቹ ስዊች፣ ሌላው ወደ ተቋሙ ኔትወርክ ይሄዳል። ለመጀመሪያው 192.168.1.10፣ ለሁለተኛው 192.168.1.11 ሰጠን። የሁለቱም ማስክ 255.255.255.0፣ ዲፎልት ጌትዌያቸው (ወደ ሌሎች ኔትወርኮች የሚያሻግረው ሩተር አድራሻ) 192.168.1.1 ነው። ሪስታርት ሲደረግ ይሠራል፤ ቆይቶ ግን ወይ መሣሪያዎቹ ወይ ሰርቨሩ ይጠፋል። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ጌትዌዩን አትቀይሩ፤ ስህተቱ አድራሻው ላይ ነው። ሁለቱም መሰኪያዎች በአንድ ሰብኔት (በማስኩ በሚወሰን አንድ የአድራሻ ክልል) ውስጥ ስለሆኑ፣ ጌትዌዩ ለምሳሌ ለ192.168.1.50 የሚልከውን በየትኛው ኬብል እንደሚያወጣ መለየት አይችልም። አንዱን ይመርጣል፤ በሌላው በኩል ያለው ሁሉ ይጠፋበታል። ሪስታርት ሲደረግ ወይም ኬብል ተነቅሎ ሲሰካ ምርጫው ሊለወጥ ስለሚችል ነው አንዴ ይህ፣ አንዴ ያ የሚጠፋው።

የተቋሙን ወገን እንዳለ ተዉትና የመሣሪያዎቹን ወገን ቀይሩ። ለጌትዌዩ 192.168.50.1፣ ለመሣሪያዎቹ 192.168.50.11፣ 192.168.50.12 እያላችሁ ስጡ፤ ማስኩ ያው 255.255.255.0 ነው። ይህን ክልል ተቋሙ ሌላ ቦታ እንዳልተጠቀመበት ግን አስቀድማችሁ የአይቲ ክፍሉን ጠይቁ። ዲፎልት ጌትዌይ የሚሞላው በተቋሙ ወገን ብቻ ነው፤ በመሣሪያዎቹ ወገን ባዶ ይሁን። ሌላ ሰብኔት ውስጥ ያለ መሣሪያ ካላችሁ ለእሱ ስታቲክ ሩት (በእጅ የሚጻፍ የመንገድ መመሪያ) ጨምሩ እንጂ ሁለተኛ ዲፎልት አትስጡ።

ከመጀመራችሁ በፊት የአሁኑን ቅንብር በሙሉ ጻፉት። አድራሻው እንደተቀየረ የማስተካከያ ገጹ ከእጃችሁ ስለሚወጣ፣ ላፕቶፓችሁን በመሣሪያዎቹ ስዊች ላይ ሰክታችሁ 192.168.50.200 ስጡትና እንደገና ግቡ።

መሣሪያዎቹ ላይ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነገር አለ። የራሳቸው አድራሻ ይቀየርና ውጤት የሚልኩበት የሆስት አድራሻ የድሮው ሆኖ ይቀራል። እሱም 192.168.50.1 መሆን አለበት። አንዳንድ መሣሪያ ደግሞ ከራሱ ኮምፒውተር ጋር የሚነጋገርበት ሌላ የኔትወርክ ካርድ አለው። ያንን ካርድ በፍጹም አትንኩት፤ ከተነካ መሣሪያው ራሱ ሥራ ሊያቆም ይችላል። አዲሱ ክልልም ከዚያ ካርድ ክልል ጋር እንዳይገጥም አረጋግጡ።

በተቋሙ ወገን 192.168.1.11 በዲኤችሲፒ (አድራሻ በራሱ በሚያድለው አገልግሎት) ከሚታደለው ክልል ውጭ ይሁን፤ አለዚያ አንድ ቀን ሌላ ኮምፒውተር ይወስደዋል። ለማጣራት የጌትዌዩን ኬብል ንቀሉና በተቋሙ ኔትወርክ ካለ ሌላ ኮምፒውተር አድራሻውን ፒንግ አድርጉ (መልስ የሚሰጥ እንዳለ ሞክሩ)። መልስ ከመጣ ሌላ ሰው ይዞታል። መልስ አለመምጣቱ ብቻውን ግን ነፃ ነው አያሰኝም፤ ፋየርዎል ፒንግን ሊዘጋ ይችላልና የኤአርፒ ሠንጠረዡንም (አድራሻውን የትኛው የኔትወርክ ካርድ እንደያዘው የሚያሳየውን) እዩ።

ፒንግ ሠርቶ ውጤት ካልመጣ የፖርት ቁጥሩን (ፕሮግራሙ ግንኙነት የሚቀበልበትን በር) እና ማን እንደሚደውል ተመልከቱ። አንዱ ወገን ሰርቨር ሆኖ ይጠብቃል፣ ሌላው ክላየንት ሆኖ ይደውላል፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ከሆኑ አይገናኙም። ብዙ መሣሪያ በአንድ ጊዜ አንድ ግንኙነት ብቻ ስለሚቀበል፣ በሥራ ሰዓት ከላፕቶፕ ፖርቱን መሞከር የጌትዌዩን ቦታ ሊይዝበት ይችላል። ኬብል ሲነቀል የሞተው ግንኙነት ተይዞ እንዳይቀር ኪፕአላይቭን (ግንኙነቱ መኖሩን በየጊዜው የሚፈትሸውን ቅንብር) አብሩ።

ነገሩን ለማቅለል ብላችሁ ሁለቱን መሰኪያዎች ብሪጅ አታድርጉ (እንደ አንድ ኔትወርክ አታዋህዷቸው)፣ በመካከላቸው ፎርዋርዲንግም (ከአንዱ ወደ ሌላው ማሳለፍን) አትክፈቱ። ብዙ የመሣሪያ ኮምፒውተሮች ማሻሻያ የማይደርሳቸው አሮጌ ዊንዶውስ ላይ ናቸው፤ ከተቋሙ ኔትወርክ ከሚመጣ ቫይረስ የሚጠብቃቸው ይህ መለያየት ነው።

የታካሚ ውጤት ከመላካችሁ በፊት አንድ የኮንትሮል ናሙና (ውጤቱ አስቀድሞ የሚታወቅ) አስኬዱና የናሙናው ቁጥር፣ እሴቱና መለኪያው ሰርቨሩ ላይ በትክክል መድረሱን አወዳድሩ። ከዚያ የሰርቨሩን ወገን ኬብል ነቅላችሁ ሌላ ኮንትሮል አስኬዱ። ኬብሉ ሲመለስ የተጠራቀመው ውጤት አንድ ጊዜ ብቻ መግባት አለበት፤ ከጠፋ ወይም ሁለት ጊዜ ከገባ፣ የጌትዌዩ የማጠራቀሚያና የድጋሚ መላኪያ ቅንብር እስኪስተካከል በእጅ መመዝገቡን አታቁሙ።