ከቅዳሜው የተረፈው 40 ሰከንድ

ሰሞኑን አንዲት ወጣት «ጋሼ፣ እናቴ ቅዳሜ ጠዋት ቤት ስታስተካክል የምታንጎራጉረውን ልቀዳው ፈልጌያለሁ፤ የትኛው ማይክሮፎን ይሻለኛል?» ብላ ጠየቀችኝ። ከሠላሳ ዓመት በላይ በድምፅ ቀረጻ ሥራ ስለኖርኩ መልሱ አፌ ላይ ነበር። ግን ቶሎ አልወጣልኝም። የቆየ ነገር ቀሰቀሰችብኝ።

እኛ ቤት ቅዳሜ ጠዋት በዘፈን ነበር የሚጀምረው። አባቴ ጊታሩን ለመቃኘት ብቻ ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል፤ አንዷ ክር ሁልጊዜ ትረግብበታለች። እህቴ የወንበሩን ጀርባ እንደ ከበሮ ትመታለች። እናቴ የዘፈኑን ግጥም መሃል ላይ ትረሳና ከራሷ ቃል ትሞላበታለች፤ አባቴም ሳቁን እንደምንም ውጦ ይከተላታል። ዛሬም አንዳንዱን ዘፈን በሬዲዮ ስሰማ የተሳሳተው ዘፋኙ ይመስለኛል።

አንድ ቅዳሜ አባቴ 90 ደቂቃ የሚይዝ አዲስ ካሴት ይዞ መጣ። ቁልፉን የመጫን ኃላፊነት ለእኔ ተሰጠኝ። አንዱ ገጽ፣ 45 ደቂቃው ሙሉ፣ በእኛ ድምፅ ተሞላ። አባቴ ካሴቱን አውጥቶ ከጀርባው ያለችውን ትንሽ የፕላስቲክ ክዳን በቢላ ጫፍ ሰበራት። እሷ ከተሰበረች የመቅጃው ቁልፍ አልጫን ይላል፤ ማንም በስህተት ሌላ ነገር እንዳይቀዳበት ነው።

አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላኝ የሬዲዮ ዘፈን መቅዳት እንደ በሽታ ያዘኝ። አንድ ቀን የምወደው ዝግጅት ሊጀምር ደቂቃዎች ሲቀሩት ባዶ ካሴት አጣሁ። የአባቴን አነሳሁና ክዳኗ በተሰበረችበት ቀዳዳ ላይ ፕላስተር ለጠፍኩ። ቁልፉ እሺ አለኝ። በኋላ በሙያዬ እንደተማርኩት፣ ስንቀዳ ሪባኑ መጀመሪያ የሚያልፈው በማጥፊያው በኩል ነው፤ አዲሱ ድምፅ የሚጻፈው ከዚያ ቀጥሎ ነው። ያን ጊዜ ይህን አላውቅም። ቀዳዳዋ ለምን እንደተከፈተች ግን አውቅ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አባቴ ካሴቱን ከፈተው፤ የጋዜጠኛ ድምፅ ወጣ። አጠፋው። ካሴቱን አውጥቶ ፕላስተሩን በአውራ ጣቱ ዳሰሰና ወደ ማኅደሩ መለሰው። ማን ነው ብሎ አልጠየቀም። ጊታሩን አንስቶ መቃኘት ጀመረ። እኔ ነኝ ማለት አቃተኝና ወደ ክፍሌ ገባሁ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ጠዋት እነሱ ሲዘፍኑ እኔ በሬን ዘግቼ ሬዲዮ እሰማለሁ። ካሴቱ የጠፋው በአንድ ከሰዓት ነው፤ ከቤት እስክወጣ ድረስ ያሉትን ቅዳሜዎች ግን አንድ በአንድ ያጠፋኋቸው እኔ ነኝ። አባቴ እስኪሞት ድረስ አልነገርኩትም።

ስለዚህ ልጄ፣ ስለ ማይክሮፎኑ አትጨነቂ። ስልክሽ ይበቃል፤ ከእናትሽ አንድ ክንድ ያህል ርቀት ላይ አስቀምጪው፣ ጠረጴዛው እንዳያስተጋባ ከሥሩ ጨርቅ አንጥፊ። ከዚያ እርሺውና አብረሻት ዝፈኚ። የእናንተ ትውልድ ያላየውን ይቀርጻል፣ የቀረጸውን አያዳምጥም። በአንድ ሳሎን አራት ሰው ተቀምጦ አራቱም ጆሮ ማዳመጫ ሰክቶ ሳይ ያመኛል። እርግጥ እኔም በሬን የዘጋሁት ስልክ ሳይኖር ነው።

በ2013 (እ.ኤ.አ.) የታተመ አንድ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ጥናት፣ በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያሉ ወጣቶች በራሳቸው ዘመን ዘፈን ብቻ ሳይሆን ወላጆቻቸው ወጣት ሳሉ በወጡ ዘፈኖችም ትዝታቸው በርትቶ እንደሚቀሰቀስ አሳይቷል። ሳነበው አልገረመኝም። የእናቴን የተሳሳተ ግጥም ያለ ካሴት ከዳር እስከ ዳር እወጣዋለሁ፤ ቀረጻው ባይኖርም የቀረብኝ ነገር የለም ብዬ ራሴን ያሳመንኩበት ጊዜ ነበር። ግን ስትዘፍን ድምጿ፣ ትንፋሿ በየት በኩል እንደሚቆረጥ፣ ያ ከእኔ ዘንድ የለም። አንቺ ግን ቅጂው። በሁለት በሦስት ቦታም አስቀምጪው።

የሬዲዮው ዝግጅት ከካሴቱ ገጽ በጥቂቱ ያጥር ስለነበር መጨረሻው ላይ የእኛ 40 ሰከንድ ተርፏል። የካሴት ሪባን በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል፤ ቢለካ 190 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ከአባቴ ቁመት ትንሽ ቢበልጥ ነው። ዘፈን የለበትም። ዘፈኑ አልቆ የጊታሩ ክር ሲርገበገብ ይሰማል። እናቴ «ተሳሳትኩ መሰለኝ፣ ከመጀመሪያው እንድገመው» ትላለች። አባቴ «ተይው፣ እንዲህ ይሻላል» ይላታል። ከዚያ ማይክሮፎኑ አጠገብ የእኔ የልጅነት ድምፅ «አባዬ፣ ካሴቱ እኮ ገና አላለቀም» ይላል፤ እህቴም ወንበሩን መምታት ትጀምራለች።