ቁልቁለቱን ቀድመሽ ተማሪ

ይድረስ ለብስክሌት ዓምድ

ጋሼ፣ እንደምን ከርመዋል? ኮምቦልቻ በልብስ ስፌት የምሠራ የ24 ዓመት ወጣት ነኝ። አጎቴ ያገለገለ ኮርስ ብስክሌት ሰጥቶኝ ከሥራ መልስ በሐርቡ መንገድ እየነዳሁ ለምጄዋለሁ። አሁን እሑድ እሑድ ደሴ እናቴ ዘንድ በብስክሌት ወጥቼ ማታ መመለስ፣ እየቆየሁ ደግሞ ሐይቅ ድረስ መሄድ አምሮኛል። ወንድሜ «ይሄ አገር ገደል ነው፣ ለብስክሌት አልተፈጠረም፤ ለሴት ደግሞ ጭራሽ» ይለኛል። ብስክሌቱ የፊቱ ባለ 52 እና ባለ 42 ጥርስ ነው፤ የኋላው ትልቁ 23 ጥርስ አለው። ዳገቱን የምችለው ይመስልዎታል? መንገድ ላይ ምን ልብላ? ምንስ ልልበስ?
— አንባቢዎ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ

ልጄ፣ እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ። ዳገቱን አንስተሻል፣ ምግቡን አንስተሻል፣ ልብሱን አንስተሻል፤ ቁልቁለቱን ግን አላነሳሽውም። ደሴ ውስጥ ብስክሌት ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝና የሚመጡልኝን ወጣቶች አውቃቸዋለሁ፤ የሁሉም ሐሳብ መውጣቱ ላይ ነው። ዳገት ቢያቅትሽ ወርደሽ ትገፊያለሽ፤ ሲብስም አይሱዙ ለምነሽ ብስክሌቱን ጭነሽ ትገቢያለሽ። ቁልቁለት ግን የማሰቢያ ጊዜ እንኳ አይሰጥም። ስለዚህ ከመመለሻው ልጀምር።

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በመካከላቸው ያለው አስፋልት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንቺና ብስክሌትሽ አብራችሁ 70 ኪሎ ብትመዝኑ፣ ያንን 650 ሜትር ስትወርጂ የሚለቀቀው ጉልበት ከአንድ ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ከፊሉን ነፋሱ ይወስደዋል። ፍሬን እንደጨበጥሽ ከወረድሽ ግን አብዛኛው ሙቀት ሆኖ ሁለቱ ቸርኬዎች ላይ ያርፋል።

አንድ ልጅ ያመጣልኝ ካላማዳሪያ ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። የተለጠፈበት ማስቲሽ ለስልሶ ልጣፉ ጣት ያህል ወደ ጎን ተንሸራቷል፤ ቀዳዳው ራቁቱን ቀርቷል። ጎሚስታው በደንብ አልለጠፈው ይሆን ብዬ ጠርዙን ብሞክረው የተቀረው ጥብቅ ብሎ ይዟል። ልጁን ስጠይቀው ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ መግቢያ ፍሬኑን አንዴም ሳይለቅ ነበር የወረደው። ጎማው የተነፈሰው ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ስለሆነ ተረፈ።

እንግዲህ እንዲህ አድርጊ። ቁልቁለቱ ሳይጀምር እጅሽን ወደ መሪው የታችኛው ቀንድ አውርጂ፤ ከላይ ሆነሽ ፍሬኑን በሙሉ ጉልበት መጨበጥ አትችይም። ሁለት ሁለት ጣትሽ ፍሬኑ ላይ ይረፍ፣ ክርንሽ ይላላ፣ ወገብሽ ወደ ኋላ ይሳብ። ቀጥ ባለው ላይ ብስክሌቱ ይሂድ። ኩርባው ሳይደርስ፣ ብስክሌቱ ገና ቀጥ ብሎ ሳለ፣ ሁለቱንም ፍሬን ጠበቅ አድርገሽ ፍጥነቱን ቀንሺ፣ ከዚያ ልቀቂ። ቸርኬው የሚቀዘቅዘው በለቀቅሽው ጊዜ ነው። ኩርባው ውስጥ ከገቡ በኋላ መጨበጥ ጎማ ያንሸራትታል።

በይበልጥ የሚያቆመው የፊቱ ፍሬን ነው፤ ስትቆሚ ክብደትሽ ወደ ፊት ስለሚሄድ የኋላው ጎማ ይቀልና ቶሎ ይንሸራተታል። የፊቱን ግን በድንገት አትጨብጪው፣ እያጠበቅሽ ሂጂ። ዓይንሽ ጎማው ሥር ሳይሆን የኩርባው መውጫ ላይ ይሁን። ወደ ቀኝ ስትታጠፊ የቀኝ ፔዳልሽ ላይ ይሁን፣ የግራው ታች፤ ወደ ግራም ስትታጠፊ በተቃራኒው። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር እየሄድሽ ለመቆም 4 ሜትር ከበቃሽ፣ በ40 ግን 16 ሜትር ትፈልጊያለሽ፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን መቆሚያው አራት እጥፍ ነው። ይህ ደረቅ መንገድ ላይ ነው። ቸርኬው ከረጠበ የፍሬኑ ጎማ መጀመሪያ ውሃውን እስኪጠርግ ምንም የያዘ አይመስልሽም፤ ስለዚህ ዝናብ ካገኘሽ ገና ሳያስፈልግሽ ቀለል አድርገሽ እየነካካሽ አድርቂው። ይህን ሁሉ አጭር ቁልቁለት ላይ እየተመላለስሽ ተለማመጂው እንጂ ዶሮ መዝለያ ላይ አትጀምሪው።

ዶሮ መዝለያን ካነሳን፣ መንገዱና የቦርከና ወንዝ ጠበው ጎን ለጎን የሚያልፉበት ነው። ገደሉ ስለሚስብ ዓይን ወደዚያ ይሄዳል፤ ማየት ካማረሽ ቁሚና እዪ፣ ቦታው ይገባዋል። በዚህ መንገድ ከባድ መኪና አይጠፋም፤ የጅቡቲ ጭነት በሚሌና በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ ይገባል፣ ከዚያም ወደ ደሴ የሚወጣው ብዙ ነው። ጥሩ ሹፌር በከባድ ማርሽ ቀስ ብሎ ስለሚወርድ አንቺ ትደርሺበታለሽ። ኩርባ ላይ አትቅደሚው፣ ርቀትሽን ጠብቀሽ ተከተይው። የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ከሸተተሽ ግን፣ ከፊትም ይሁን ከኋላ፣ ወዲያው ከአስፋልቱ ወጥተሽ ቁሚ። ያ ሽታ ማለት አንድ ሹፌር ፍሬኑ እያለቀበት ነው ማለት ነው። ከዝናብ በኋላ ደግሞ ከተራራው የተንሸራተተ ድንጋይና አፈር ኩርባ ላይ ሊጠብቅሽ ይችላል።

አሁን ዳገቱ። 650 ሜትሩን ለ25 ኪሎ ሜትር ብታካፍይው በየ100 ሜትሩ 2.6 ሜትር ነው፤ ሲሰሙት ቀላል ነው። አማካይ ግን ያታልላል፤ ሜዳ የሚመስለው ቦታ ያላስወጣሽን ሌላው ቦታ ያስከፍልሻል። ያንቺ ችግር ጉልበት ሳይሆን ማርሽ ነው። በ42 እና በ23 ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ብስክሌቱ 3.8 ሜትር ያህል ይሄዳል። እግርሽ በደቂቃ 70 ጊዜ እንዲዞር በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር መሄድ ይኖርብሻል። ጠንከር ያለው ዳገት ላይ ጀማሪ የሚሄደው ግን 9 ወይም 10 ነው። ስለዚህ እግርሽ 40 ጊዜ ብቻ እየዞረ ጉልበትሽን ትጨርሻለሽ። የኋላውን ባለ 28 ጥርስ አስቀይሪው፤ እዚያው ዳገት ላይ 50 ጊዜ ይዞርልሻል፣ ልዩነቱን ጉልበትሽ ራሱ ይነግርሻል። ሲቀየር ካቴናው ሊያጥር ይችላል፣ ማርሽ ቀያሪውም ሁሉም 28 አይችልም፤ ባለሙያው ሁለቱን አይቶ ይግጠምልሽ። በዚያው የፍሬኑን ጎማና የፍሬኑን ገመድ አዲስ አድርጊ። ገንዘብ የሚበቃሽ ለአንዱ ብቻ ከሆነ ፍሬኑን አስቀድሚ፤ ዳገቱን መግፋት ይቻላል።

የደሴ አየር ከኮምቦልቻው ትንሽ ስለሚሳሳ ትንፋሽሽ ቢቆራረጥ አትደንግጪ፤ እያወራሽ መሄድ በምትችይበት ፍጥነት ንጂ። ለምግቡ ከበሶ የተሻለ አላውቅም። ከማርና ከትንሽ ጨው ጋር አሽተሽ ጭብጦ አድርጊውና በላስቲክ ጠቅልለሽ ኪስሽ ያዢ፤ ሳይርብሽ በየግማሽ ሰዓቱ ቁራሽ ብዪ። ውሃም እንዲሁ ሳይጠማሽ።

ልብስ ላይ የምልሽ ሁለት ነው። ቀሚስም ሆነ ሰፊ ሱሪ ካቴናውና የጎማው ሽቦ ውስጥ እንዳይገባ ከቁርጭምጭሚት በላይ ተጠቅልሎ ይታሰር፤ የሻሽሽ ጫፍ አንገትሽ ላይ ይቋጠር። ሁለተኛ፣ ላብ ይዘሽ ደሴ ደርሰሽ ስትወርጂ ብርዱ ጣትሽን ያደነዝዘዋል፣ የደነዘዘ ጣት ደግሞ ፍሬን አይጨብጥም። ጓንትና ነፋስ የሚከለክል ጃኬት ያዢ። ሄልሜት ያለ ምንም ክርክር።

ማታ መመለስ ያልሽውን ሰርዢው። ጠዋት 12 ሰዓት ተነሺ፣ እናትሽ ዘንድ ቡናሽን ጠጪ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ሳያልፍ ውረጂ። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ደረቅ ወቅት ለጀማሪ ይመቻል፤ በክረምት ደሴ ላይ ጉም ሲወርድ መኪናው አያይሽም፣ በበልግም ዝናብ አይታመንም። ከመውጣትሽ በፊት መናኸሪያ ሄደሽ የዕለቱን መንገድ ሹፌሮችን ጠይቂ።

ወንድምሽን ንገሪልኝ፦ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ በተሳተፈችበት በሜልቦርን፣ በ1949 ዓ.ም.፣ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሩ፤ አንዱ ገረመው ደንቦባ ነው። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ የትግራዩ ልጅ ፅጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ፤ የእሱም አገር ከእኛ የለዘበ ተራራ የለውም። ሴትነትሽን በተመለከተ፣ እንጨት ተሸክመው የጦሳን ተራራ ተዳፋት የሚወጡ የሚወርዱትን እናቶች እሱም ያውቃቸዋል።

ሐይቅን በኋላ አቆዪው። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ግን ሐይቅ ከደሴ ዝቅ ስለምትል ሲሄዱ ይቀናል፣ ዳገቱ የሚጠብቅሽ ከደከመሽ በኋላ፣ በመመለሻው ነው። እዚያ አድረሽ በማግስቱ ብትመለሺ ይሻላል። እስጢፋኖስ ገዳም ሴት አይገባም፤ የውሃው ዳር ግን ለሁሉም ነው፣ አዲስ የተጠበሰ ዓሣም ታገኛለሽ።

ሌላ ጥያቄ

*ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ ስነዳ ጎማዬ ተነፈሰ። አዲስ ካላማዳሪያ ቀየርኩ፣ ብዙ ሳልሄድ እሱም ተነፈሰ። ካላማዳሪያው እንከን ያለበት ይሆን?*
— ከደሴ

መልስ

ካላማዳሪያው ንጹሕ ነው። ወደ ባቲ ስትወርድ ቆላው ግራር ይበዛበታል፤ የግራር እሾህ ጎማው ውስጥ ተሰብሮ ቀርቶ አዲሱን ወግቶብሃል። የተነፈሰውን ስታወጣ መንፊያው ያለበትን ቦታ ጎማው ላይ ምልክት አድርግ። ካላማዳሪያውን ነፍተህ ቀዳዳውን ካገኘህ፣ ከመንፊያው ያለውን ርቀት ጎማው ላይ በሁለቱም አቅጣጫ ለካ፤ እሾሁ ከሁለቱ በአንዱ አለ። ጣትህን አትላክ፣ ትወጋለህ። ጥጥ ወይም የአሮጌ ነጠላ ቁራጭ በጎማው ውስጠኛ ክፍል ዙሪያውን ጎትት፤ ክሩ የያዘበት ቦታ እሾሁ ነው። ከውጭ በጥፍርህ ብትቆርጠው ጫፉ ውስጥ ይቀራል፤ ከውስጥ ወደ ውጭ ግፋውና በፒንሳ ሳበው።